ያልወጣብኝ ፈንጣጣ

ሁሩታ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ውድ እትዬ አረጋሽ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ «እንደምን ከርመዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ወግ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። የእርስዎን ደህንነት ነጋዴው መሐመድዘይን ነግሮኛል፤ የበርበሬ ገበያዎ ደርቷል፣ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆርቆሮ ቤት አሠርተዋል፣ ሰውነትዎም ሞላ ብሏል አለኝ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽም። ከእርስዎ የተማርኩትን ውሸት አንድ ጊዜ ተናግሬው ያመጣብኝን አይቻለሁ።

«ውድ» ማለቱን ግን አልተውኩትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ የበላሁት የእርስዎን፣ የለበስኩትም የእርስዎን ነው። እንዲህ የምቆጣውም ለዚሁ ነው። ባዳ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ጊዜ ረግሜዎት እረሳዎት ነበር።

የላኩልኝ ቅባት ከሳምንት በፊት ደርሶኛል። ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ ጉንጯ የተላጠ እንቁላል የመሰለ የፈረንጅ ሴት ተሥላበታለች። ከእሱ ጋር ጸሐፊ ተቀምጦ የጻፈልዎትን ወረቀት አነበብኩት። «ልጄ ሸዋዬ፣ ፊትሽ መበላሸቱን ሰምቼ አለቀስኩ። ይህ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ነው፤ ጠዋትና ማታ አርባ ቀን ተቀቢው፤ ጠባሳውን ጠራርጎ ያጠፋዋል» ይላል። እዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ከታች ግን እንዲህ አስጻፉ፦ «ሙሉብርሃንን አዳሚ ቱሉ ያሉት እነ አቶ ገሠሠ ለልጃቸው ጠይቀውልኛል። ሰርጉ ለጥር ነው። ሽማግሌዎቹ አንቺን ሊጠይቁ ሁሩታ ይመጣሉና፣ ያን ጊዜ ቤታችን ፈንጣጣ ገብቶ አንቺም እሷም ወጥቶባችሁ እንደዳናችሁ መስክሪልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያነበብኩት አልገባኝ ብሎ አይደለም፤ ገብቶኛል። በአንድ ወረቀት ላይ ለጠባሳዬ አልቅሰው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በዚያው ወረቀት ልጅዎን ወደዚያው ጉድጓድ ግፊልኝ ሲሉኝ ነው ያላመንኩት። በገዛ ልጅዎ! እኔስ የእህት ልጅ ነኝ፤ ይሁን። ሙሉብርሃንን ግን አምጠው ወልደዋታል።

እንግዲህ እርስዎ ስለረሱት ላስታውስዎ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጉንጬ ላይ ሁለት ብጉር ወጣ፤ በሳምንቱ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ እኔም መቁጠሩን ተውኩት። አባቴ በሕይወት ነበር። እርስዎ ፊቴን ይዘው ሲያገላብጡ አይቶ፣ «ተይ አረጋሽ፣ አትንኪያት። እናቷም በዚህ ዕድሜዋ እንዲሁ ነበረች። ሲተዉት ይተዋል» አለዎት። እርስዎም አልተከራከሩትም። የእህትዎን ፊት ያውቁታላ! እናቴ ስትሞት ፊቷ እንደ ወተት የጠራ እንደነበረ ለኔ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

በዓመቱ አባቴን ወባ ገደለው። አርባው እንደ ወጣ፣ «ነይ እስቲ ወደ ብርሃኑ» አሉኝ። ሞሰብ የሚሰፉበትን ወስፌ ፍም ላይ አግለው አንድ በአንድ ወጉኝ። ወግተው ሲያበቁ በጣትዎ ጨመቁት። ያ ጣት ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሲደልዝ የዋለ ጣት ነው፤ ውሃ ቢነካውም በርበሬው ከጥፍርዎ ሥር አይወጣም። በላዩ ላይ ፌጦ በሎሚ ለውሰው ለጠፉበት። ጮህኩ። «ዝም በይ! ለራስሽ ብዬ ነው፤ ማርያምን!» አሉኝ። እርስዎም አብረውኝ ያለቅሱ ነበር፤ ይህን አልክድም። እያለቀሱ ይወጉኝ ነበር።

ሦስት ቀን ቆይቶ ሊጠፋ የነበረው ብጉር ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን ማከም ጀመሩ። ሬት ቀቡኝ። የከረመ ቅቤ ቀቡኝ። ጎረቤት የነገረዎትን ሰምተው የጠዋት ሽንቴን አስታጠቡኝ። ሶደሬ ድረስ በአህያ ወስደው ፍል ውሃው ዳር ያለውን ጭቃ ፊቴ ላይ ለቅልቀው እስኪሰነጣጠቅ ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሲነሣ ከነቆዳዬ ተነሣ። ከሁሉ የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ይህ አይደለም። ገበያ ላይ ሴቶቹ፣ «ምነው ልጅቷ ፊቷ?» ሲሉዎት፣ «እሷ በጥፍሯ እየነካካች አበላሸችው እንጂ እኔማ ስንት ደከምኩላት» ይሉ ነበር። እኔ ከጎንዎ ቆሜ ቅመም እሰፍራለሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ኩል ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እርስዎ የሰው ዓይን አጥፍተው ጥፋቱን በባለዓይኑ አላከኩ።

በ፲፱፻፳ ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በፊት፣ የዛሬዋ አማቴ እመት እልፍነሽ ከሁለት ሴቶች ጋር ከሁሩታ ወርደው ሊያዩኝ መጡ። እጅ ማስታጠቢያ ይዤ ገባሁ። እመት እልፍነሽ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ በሩ አዞሩት። አሁን ይነሣሉ፣ አሁን በቅሏቸውን ያስጭናሉ እያልኩ ስጠብቅ እርስዎ ቀደሙ። «ፈንጣጣ ነው እመቤቴ። እናቷን በኅዳር በሽታ ባጣች በዓመቱ ወጣባት። ቅድስት ማርያም ናት ያተረፈቻት» አሉ።

እትዬ አረጋሽ፣ የእናቴን ሞት ለዚያ ነገር መሸፈኛ አደረጉት። ባቡሩ ያን በሽታ ይዞት መጥቶ እናቴን በአራት ቀን ሲወስዳት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እግሯ ሥር ተቀምጬ አይቻለሁ። እርስዎ ያን ቀን እንደ እህል ዘግነው ለእንግዳ አቀረቡት።

የእመት እልፍነሽ ፊት በአንድ ጊዜ በራ። «እሰይ! እንኳን አለፈላት! እኔ ሁለት ልጅ በፈንጣጣ ቀብሬአለሁ። ከእንግዲህ ቤቴ የምትገባ ሙሽራ ያለፈባት ትሁን ብዬ ስለት ተስያለሁ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ያንኑ የተበሳሳውን ቦታ። እኔ በዕድሜዬ ያን ቦታ ማንም ስሞኝ አያውቅም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ «እትዬ፣ ለምን ፈንጣጣ አሉ?» ብዬ ጠየቅኩዎት።

«ብጉር ነው ብል ምን ይሉ መሰለሽ? ወንድ አምሯት ደሟ ፈልቶ ነው ይላሉ። አለዚያም ቂጥኝ ከዘሯ አለ ብለው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ፈንጣጣ የእግዜር ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። ደግሞስ ማን ይመረምራል?»

«ቢታወቅስ?»

«አንቺ አፍሽን ከዘጋሽ ማን ያውቃል!»

ዘጋሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከፈትኩት። ሁሩታ በገባሁ በሳምንቱ እመት እልፍነሽ ፀጉሬን እየነኩ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ በጣም አሞሽ ነበር?» አሉኝ። «ሕፃን ነበርኩ፤ ትዝ አይለኝም» አልኩ። የኔ ውሸት ይህችው ናት። ትንሽ ናት፤ ግን የኔ ናት፤ እሷን በእርስዎ ላይ አልጭንም። እውነቱን ልናገርና፣ ወድጃትም ነበር። አማቴ በየለቅሶውና በየድግሱ «ምራቴ ፈንጣጣ ያለፈባት ናት» እያሉ ሲኩራሩብኝ አንገቴ ቀና አለ። አዳማ የሚያሳፍረኝ ፊት ሁሩታ ክብር ሆነልኝ። ባሌ ሰብስቤም ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ስለ ፊቴ ተናግሮኝ አያውቅም።

እንግዲህ ያላወቁትን ልንገርዎ። ፊትሽ ተበላሸ ሲባል ሰምተው አለቀሱ እንጂ እንዴት እንደተበላሸ ለመጠየቅ ሰው አልላኩም።

ያለፈው ዓመት የካቲት ፈንጣጣ ገባ። የባሌ ታናሽ እህት አስካለ መጀመሪያ ወደቀች። ወንዶቹ ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀለሱላትና በቃሬዛ ወስደው አስገቧት። ማን ይግባላት ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ይጠየቃል? እመት እልፍነሽ ቅሉንና ጋቢውን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ያለሽልን አንቺ ነሽ። እኔ ራሴ እገባላት ነበር፤ ግን አልወጣብኝም፤ ብሞትባት ሌሎቹን ማን ያይልኛል?» አሉኝ። እያለቀሱ ነው። አራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሆዴን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «ያለፈባት እናት ልጇንም ትከልለዋለች፤ አይዞሽ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ማርያም ምስክሬ ናት፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፈንጣጣ አልፎባታል ብለው ለጋብቻው የማሉት መሐላ ታሰበኝ። ውሸት ተገኘ ተብሎ ብባረር የምመለሰው ወዴት ነው? ወደ እርስዎ ቤት፤ ወደ ወስፌው። ከዚያስ ፈንጣጣ ይሻለኛል አልኩና ቅሉን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ።

ጎጆው ውስጥ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወጥቶባቸው የዳኑ፣ ለአገሩ ሕመምተኛ ሁሉ ውሃና እንጨት የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። ፊታቸው አንድ ደህና ቦታ የለውም። አስካለ ገላዋ ከጨርቅ ጋር እየተጣበቀ ስላስቸገረን በኮባ ቅጠል ላይ ነበር የምናስተኛት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቅጠሉን ልለውጥ ወደ ውጭ ስወጣ አባ ጉተማ ፀሐይ ላይ ትክ ብለው አዩኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ። መዳፍሽን አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። ገለበጡት፤ ከዚያ ግንባሬን አዩ።

«ልጄ፣ ፈንጣጣ ግንባር አይምርም። አፍንጫም አይምርም፤ መዳፍም፣ የእግር ውስጥም አይምርም። እኔን እዪኝ! ያንቺ ጉንጭ ብቻ ነው። ይሄ ፈንጣጣ አይደለም። ምንድነው?»

ዋሽቼ ልመልስ ብፈልግም ከዚያ ፊት ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። «ብጉር ነው አባ ጉተማ» አልኩ።

እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያ ዋቃ! ውጪ! አሁን ውጪ ከዚህ! ሆድሽ ውስጥ ሰው አለ!»

«ሦስት ቀን ቆየሁ እኮ። ከእንግዲህ ብወጣስ?»

«እኔ ለእመት እልፍነሽ እነግራለሁ።»

«አይንገሩብኝ!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እሳቸው ሊያነሡኝ ይጎትቱኛል፤ እኔ እይዛቸዋለሁ። በዚህ መሐል አስካለ ከውስጥ «ውሃ፤ ሸዋዬ ውሃ» አለች። ተነሥቼ ገባሁ።

አስካለ ዳነች። ዛሬ ከኔ ጋር ወንዝ እየወረደች ውሃ ትቀዳለች። በዚህ አልጸጸትም፤ ነገሩ ግን ለእርስዎ ማመካኛ እንዳይሆን ይወቁት። እሷን ሌላም ሰው ያድናት ነበር። አባ ጉተማ ነበሩላት።

እኔ ጎጆው በገባሁ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ያዘኝ። ሽፍታው ሲወጣ አስቀድሞ የወጣው ግንባሬ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ልጄ ሞቶ ወረደ። ወንድ ነበር። እኔ ዓይኔ አብጦ ስለተዘጋ አላየሁትም። አባ ጉተማ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልለው ዋንዛው ሥር ቀበሩት። ስም አልነበረውም። አሁን ልጁ የት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ወንዝ ማዶ በአንድ ዋንዛ ሥር ነው ከማለት በቀር የምለው የለኝም። እትዬ፣ ይህን የጻፍኩበትን መስመር ጸሐፊዎ ሁለት ጊዜ እንዲያነብልዎት እፈልጋለሁ።

እመት እልፍነሽ እኔም መታመሜን ሲሰሙ እወንዙ ዳር ድረስ መጥተው፣ «ፈንጣጣ ሁለቴ አይወጣም! ያ ፊትሽ ምን ነበር? ንገሪኝ፣ ምን ነበር?» ብለው ጮሁ።

እኔም ከጎጆው ውስጥ፣ ጉሮሬ ቆስሎ፣ «ብጉር!» ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ቃል የለም።

መሬት ላይ ቁጭ አሉ አሉ። አልረገሙኝም፤ ውሸታም አላሉኝም። «በገዛ እጄ አስገባኋት፤ የልጄን ልጅ በገዛ እጄ ገደልኩት» ነው ያሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሲነሡ እንደዚያ ይላሉ። የእርስዎን ኃጢአት እኚህ ሴትዮ ተሸክመውት ይዞራሉ፤ እርስዎ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ያሠራሉ።

ስድን ከሰብስቤ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። መለየት ከፈለገ እንዲለየኝ ነገርኩት። «ለብጉር ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ጢሙ ውስጥ አስገባውና፣ «ዳብሺ» አለኝ። ዳበስኩ። ከጢሙ ሥር ጉንጩ እንደኔው የተበሳሳ ነው። «እኔስ ምን የነበረኝ መስሎሽ ነው? እናቴ በውሃ አጠበችኝና ተወችኝ፤ ኋላ ጢሜ ሸፈነው። ብጉር ነው ብትሉኝ ምን እል ነበር?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። እኔ አላለቀስኩም። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የያዘኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ውሸቱ ለማንም ሳያስፈልግ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለከንቱ ተዋሸ! ከነውሸቱም ቢሆን፣ ያለፈባት ነች ከሚሉኝ ክንዴን አንድ ጊዜ ቢያስከትቡኝ ኖሮ፣ ለጭረቷ ሦስት ቀን ታምሜ ልጄ ዛሬ እቅፌ ውስጥ ይሆን ነበር። አዳማ ሰው ሁሉ ልጁን ሲያስከትብ እርስዎ ለፊቴ ሶደሬ ድረስ አህያ ይጭኑ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ትናንት መጡ። ሦስት ናቸው፤ ነገሩን የያዙት አቶ ጆቴ የሚባሉ የአዳሚ ቱሉ ሰው ናቸው። እመት እልፍነሽና ሰብስቤም ተቀምጠዋል። አቶ ጆቴ፣ «ልጄ፣ ሙሉብርሃን ፈንጣጣ አልፎባታል ብለው አክስትሽ ነግረውናል። አንቺ አብረሻት ያደግሽ ነሽና ቃልሽን ስጪን» አሉኝ።

ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ። «እዩኝ» አልኩ። «ይህ ግንባሬ ላይ ያለው ፈንጣጣ ነው፤ የወጣብኝ ያለፈው ዓመት ነው። ይህ ጉንጬ ላይ ከሥሩ ያለው ደግሞ የወስፌ ነው። ሙሉብርሃንም ያላት ይኸው የወስፌው ነው። በቤታችን ፈንጣጣ ገብቶ አያውቅም።»

«አክስትሽን አዋረድሻቸው እኮ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እህቴን አተረፍኳት» አልኩ። ከዚያ እኔ ጠየቅኳቸው፤ «አሁን አዳሚ ቱሉ ፈንጣጣ አለ ወይስ የለም?»

 አቶ ጆቴ መሬት መሬት እያዩ፣ «መቂ በኩል ገብቷል። ከአቶ ገሠሠ ቤትም ሁለት ሰው ተኝቷል። ያለፈባት ሙሽራ ትሁን ያሉትም ለዚህ ነው፤ ሕመምተኛ የምታይ ሴት ጠፍታ ነው» አሉ።

ሰሙ እትዬ? ጎጆው ተቀልሷል። ቅሉም ጋቢውም ተዘጋጅቶ ልጅዎን ይጠብቃል።

አቶ ጆቴ የተናገርኩትን ለአቶ ገሠሠ እንዳለ ሊነግሩ ቃል ገብተዋል። ከፈለጓት ተከትባ፣ ክንዷ ደርቆ፣ ከፋሲካ በኋላ ይውሰዷት፤ ካልፈለጓት ይቅርባቸው። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሲነሡም እጄን ስመው ነው የሄዱት። ስለዚህ ለጥር ጠጅ አይጣሉ።

አሁን የምነግርዎትን ያድርጉ። ባቡሩ ደጃፍዎ ነው የሚቆመው። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ሳምንት ሙሉብርሃንን ይዘው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ያስከትቧት። ለልጅቷም ራስዎ ይንገሯት፤ ለምን እንደምትከተብ፣ ማን ምን እንደዋሸ፣ አንድ በአንድ ይንገሯት። መሐመድዘይን በአሥራ አምስት ቀኑ ተመልሶ ይመጣል፤ ክንዷን በዓይኑ አይቶ እንዲነግረኝ አደራ ብዬዋለሁ። አላየሁም ካለኝ ከጤፍ ጫኞች ጋር በቅሎ ላይ ወጥቼ እወርዳለሁ። ወርጄም ቤትዎ አልገባም፤ በቅዳሜ ገበያ በርበሬዎ ፊት ለፊት ነጠላዬን አውርጄ እቆማለሁ። «ምነው ልጅቷ ፊቷ?» ለሚል ሰው ሁሉ ያን ጊዜ እኔው እመልስለታለሁ። ይህን የምለው ለማስፈራራት ነው፤ ደግሞም አደርገዋለሁ።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ሰርጌ ዕለት ወስፌዎ ጠፍቶ ሠራተኛዋን ሌባ ብለው አባረሯት፤ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ሙሉብርሃን ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጉንጯ ላይ የመጀመሪያዋን ብጉር ያየሁት በዚያው ጠዋት ነው። በቀሚሴ እጅጌ ደብቄ ወጣሁና አዋሽን ስንሻገር ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት። ወስፌ ግን በየገበያው ይሸጣል፤ ሌላ ገዝተው እሷንም እንደሚወጉ አላሰብኩም ነበር። ያባረሯትን ሠራተኛ አስጠርተው ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ቅባቱን አልተቀባሁትም። ኮርቻ የላጠው የበቅሏችን ጀርባ ላይ ቀባሁት፤ ለበቅሎ ደህና ነው። ቆርቆሮውን መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ በርበሬ ይስፈሩበት። እርስዎ በርበሬ ደላዥ ነዎትና ተረቱን ከኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለሙሉብርሃን ግን ድስቱ ገና አልተጣደም። ፊቷን በውሃ ትታጠብ፤ ከዚያ ይተዉት። አባቴ እንዳለው ሲተዉት ይተዋል። እጅዎን ብቻ ከፊቷ ያንሡ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ፣ ለፋሲካ ሙሉብርሃንን ይዘው ይምጡ። አማቴን ያገኟቸዋል፤ «እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ብለው ይነግሯቸዋል። ከዚያ ወንዙን አሻግሬ ዋንዛውን አሳይዎታለሁ። ይቅር እልዎታለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም።

እርስዎ «ያለፈባት ናት» ያሏትን የሆንኩት፣
ሸዋወርቅ